ዐቃቤ ሕግ በችሎት ሥርዓት ሲያጓድል፦ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ይግባኝ የሚለው እንዴት ነው?

ደብረ ታቦር፦ "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" ይላል የሀገራችን ሰው። ሰውን የሚያንገበግበው የጠፋው ነገር መጠን ብቻ ሳይሆን የጠፋበት መንገድ መሆኑን ሲገልጽ ነው። አባባሉ በወንጀል ክርክር ላይ ሲነገር ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል፤ በዚያ ችሎት የሚሄደው የሰው ነፃነት ነውና።

አንድ ሰው ጥፋተኛ ተብሎ እስራት ሲፈረድበት ቤተሰቡ "ዐቃቤ ሕጉ ነው ያስፈረደበት" ሲል መስማት የተለመደ ነው። ምስክሩን እየመራ አስመሰከረው፤ የሚጠቅመንን ማስረጃ ደበቀብን፤ የድሮ ጥፋቱን አንሥቶ ዳኛውን አስቆጣብን የሚሉ ቅሬታዎች ይደመጣሉ። ቅሬታው እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሚመረምረው የዐቃቤ ሕጉን ጠባይ ሳይሆን የመዝገቡን ይዘት ነው። ስለዚህ ቅሬታው ውጤት እንዲያመጣ ሦስት ነገሮችን ማሟላት አለበት፦ ጥፋቱ በመዝገብ ላይ መታየት፣ ፍርዱን የነካ መሆን እና ሕጉ በወሰነው ቀን ውስጥ መቅረብ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል እውነተኛ በደል እንኳ ሰሚ ሊያጣ ይችላል።

የዐቃቤ ሕግ ግዴታ ማስፈረድ ብቻ አይደለም

በሀገራችን የወንጀል ክርክር የሚመራው በ1954 ዓ.ም በወጣውና ከስድሳ ዓመታት በላይ በሥራ ላይ በቆየው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እና በ1987 ዓ.ም በጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 136 ዐቃቤ ሕግ ክሱንና የሚያቀርበውን ማስረጃ ባጭሩ ለችሎቱ እንዲያስረዳ ያዝዛል፤ ይህንንም ያለ አድልዎ እና እውነቱን ብቻ ይዞ እንዲያደርግ ያስገድደዋል። አንቀጽ 42 ደግሞ ጥፋተኛ ለማሰኘት በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ሲያምን ክስ እንዳያቀርብ ይከለክለዋል።

ከእነዚህ ድንጋጌዎች የምንረዳው ዐቃቤ ሕግ እንደ ግል ባለጉዳይ በማናቸውም መንገድ ለመርታት የቆመ ሰው አለመሆኑን ነው። የቆመው ለመንግሥትና ለሕዝብ ነው፤ ተከሳሹም የዚያው ሕዝብ አካል ነው። ንጹሕ ሰው ሲታሰር እውነተኛው ጥፋተኛ በነፃነት ስለሚዘዋወር፣ የተበዳዩ ወገንም ፍትሕ አላገኘም።

ሥርዓት ማጓደል የሚባለው የትኛው ነው?

የመጀመሪያው ክስን በግልጽ አለማቅረብ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ክሱ በቂ በሆነ ዝርዝር በጽሑፍ እንዲነገረው ያዝዛል። መቼ፣ የት፣ በማን ላይ፣ ምን እንደ ተፈጸመ ያልገለጸ ክስ ለመከላከል አያስችልም።

ሁለተኛው የምስክር አጠያየቅ ነው። ዐቃቤ ሕግ ለራሱ ምስክር በሚያቀርበው ዋና ጥያቄ ላይ፣ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መልሱን የሚጠቁም መሪ ጥያቄ መጠየቅ በአንቀጽ 137 የተከለከለ ነው። "በዚያ ሌሊት ምን አየህ?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። "በዚያ ሌሊት ተከሳሹ በሬውን ሲነዳ አይተኸዋል አይደል?" ብሎ መጠየቅ ግን መልሱን ለምስክሩ ማጉረስ ነው።

ሦስተኛው የቀድሞ ጥፋትን ያለ ጊዜው ማንሣት ነው። በአንቀጽ 138 መሠረት ሕግ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር የተከሳሹ የቀድሞ የጥፋተኝነት ታሪክ ለፍርድ ቤቱ የሚገለጸው ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ፣ ቅጣት በሚወሰንበት ጊዜ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት በግ የሰረቀ ሰው ዛሬ በሬ ሰርቋል ማለት አይደለም።

አራተኛው በኃይል፣ በዛቻ ወይም በተስፋ የተገኘ ቃልን በማስረጃነት ማቅረብ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ማንም ሰው በራሱ ላይ እንዲያምን እንዳይገደድ ይደነግጋል፤ ተገዶ የሰጠው ቃልም ተቀባይነት የለውም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 31 ደግሞ መርማሪ ፖሊስ በማባበል፣ በማስፈራራት ወይም ተስፋ በመስጠት ቃል እንዳይቀበል ይከለክላል። በደሉን የፈጸመው መርማሪው ቢሆንም ቃሉ በዐቃቤ ሕግ በኩል በማስረጃነት ሲቀርብ የክርክሩ አካል ይሆናል።

አምስተኛው ማስረጃን መደበቅ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሳሹ የቀረበበትን ማናቸውንም ማስረጃ የመመልከት፣ ምስክሮችን የመጠየቅ፣ የራሱን ማስረጃ የማቅረብ እና ምስክሮቹ ቀርበው እንዲሰሙለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ተከሳሹን የሚጠቅም የሕክምና ማስረጃ ወይም የምስክር ቃል በፖሊስ መዝገብ ውስጥ እንዳለ ከታወቀ፣ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ሰጥቶ እንዲያስቀርበው በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስድስተኛው ማስረጃ ያልቀረበበትን ነገር በመጨረሻው ክርክር ላይ እንደ ተረጋገጠ አድርጎ ማቅረብ፣ ወይም የተከሳሹን ዝምታ እንደ ማመን መቁጠር ነው። ተከሳሽ ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል፤ በራሱ ላይ እንዲመሰክርም አይገደድም።

የሚያሳዝን ሁሉ ጥፋት አይደለም

ዐቃቤ ሕግ ከባድ ቅጣት እንዲወሰን መጠየቁ ሥራው ነው። የተከሳሹን ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ማስጨነቁም በሕግ የተፈቀደ ነው፤ በመስቀለኛ ጥያቄ ላይ መሪ ጥያቄ አልተከለከለም። ከተከሳሹ ጋር የድንበር ጠብ ያለበት ጎረቤት በምስክርነት መጠራቱም ብቻውን የዐቃቤ ሕጉ ጥፋት ሊሆን አይችልም። ይህ የምስክሩን ተአማኒነት የሚመለከት ክርክር ነው፤ ይግባኝ ላይ መነሣት ያለበትም በዚያው ስሙ ነው። እውነተኛውን ነጥብ ከማይረባው ጋር ቀላቅሎ ያቀረበ ሰው፣ ዳኞች ዋናውን ነገር በክምር ውስጥ እንዲፈልጉ ያስገድዳቸዋል።

ችሎት ላይ ያልተነገረ ነገር ይግባኝ ላይ ይከብዳል

ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንደ አዲስ አይሰማም። ምስክሮችን ዳግም አይጠራም፤ በአንቀጽ 194 መሠረት ተጨማሪ ማስረጃ የሚቀበለው አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ምክንያቱን መዝግቦ ነው። የሚያነበው በሥር ፍርድ ቤት የተመዘገበውን ቃል፣ ትእዛዝና ፍርድ ነው።

ስለዚህ ይግባኝ የሚጀምረው ከፍርዱ በኋላ ሳይሆን ክርክሩ በሚካሄድበት ዕለት ነው ማለት ይቻላል። መሪ ጥያቄ ሲቀርብ ተከሳሹ ወይም ጠበቃው ወዲያውኑ ተነሥቶ መቃወም፣ ተቃውሞውም በመዝገብ እንዲሰፍር መጠየቅ አለበት። አንድ ወገን የቀረበን ጥያቄ ወይም ማስረጃ ሲቃወም ፍርድ ቤቱ በዚያው ሰዓት ውሳኔ መስጠት እንዳለበት አንቀጽ 146 ይደነግጋል። ጠበቃ የሌለው አርሶ አደርም ቢሆን "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህን ጥያቄ እቃወማለሁ፤ ተቃውሞዬ ይመዝገብልኝ" ለማለት የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም።

ክሱ ግልጽ አይደለም የሚል መቃወሚያም የሚቀርበው ክሱ በተነበበበት ጊዜ፣ የእምነት ክህደት ቃል ከመሰጠቱ በፊት ነው። ለዚህ ከቅርቡ ታሪካችን አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ዞን ዘጠኝ በሚል ስም ይጽፉ የነበሩ ጦማርያንና ጋዜጠኞች በሚያዝያ 2006 ዓ.ም ታስረው በሽብር ወንጀል ተከሰሱ። ክሱ ግልጽነት ይጎድለዋል የሚል መቃወሚያ አቀረቡ፤ የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በኅዳር 2007 ዓ.ም ዐቃቤ ሕግ ክሱን እንዲያሻሽል አዘዘ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የአምስቱ ክስ ተነሣ። ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም ደግሞ ፍርድ ቤቱ የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ መዝኖ ቀሪዎቹን ከሽብር ክሱ በነፃ አሰናበተ፤ አንደኛው ብቻ በሌላ ክስ እንዲከላከል ተበየነ። ዐቃቤ ሕግ በበኩሉ ይግባኝ ጠየቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2009 ዓ.ም ከሽብር ክሱ ነፃ መባላቸውን አጽንቶ፣ ሁለቱ ግን በወንጀል ሕጉ በተደነገገ ሌላ ክስ እንዲከላከሉ ወሰነ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የክስ ጉድለት በጊዜው ሲነሣ በዚያው ችሎት ሊታረም ይችላል። የይግባኝ በር ደግሞ ለሁለቱም ወገን ክፍት ነው፤ ተከሳሽ በነፃ ሲለቀቅ ወይም ቅጣቱ አንሷል ሲባል ዐቃቤ ሕግም ይግባኝ የማለት መብት አለው።

"እመን፣ ይቀልልሃል" የሚል ምክር

ጥፋተኛ የተባለው በራሱ እምነት የሆነ ሰው በጥፋተኝነቱ ላይ ይግባኝ ማለት አይችልም፤ ይግባኙ በቅጣቱ ላይ ብቻ እንደሚሆን አንቀጽ 185 ይደነግጋል። ማመን ቅጣትን ሊያቀልል ይችላል፤ ያልሠራውን ያመነ ሰው ግን ዋናውን በር በራሱ እጅ ይዘጋል። ስለሆነም ችሎት ቀርቦ "ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ፣ ግን ራሴን ስከላከል ነው" የሚል ሰው አጠቃሎ ከማመን ይልቅ ይህንኑ ሳያስቀር መናገር አለበት። ሕጉ እምነት የሚለው በክሱ የተዘረዘረውን ሁሉ ያለ ምንም ልዩነት መቀበልን ነው። ቃሉ ቅድመ ሁኔታ ካለበት ፍርድ ቤቱ እንደ ክህደት መዝግቦ ማስረጃ መስማት ይኖርበታል።

አሥራ አምስት እና ሠላሳ ቀን

ፍርድ ቤት ቅጣት ከወሰነ በኋላ ለሁለቱም ወገን የይግባኝ መብት እንዳላቸው ይነግራል። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ነው። በአንቀጽ 187 መሠረት ይግባኝ ባዩ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለቱን ያስታውቃል፤ የፍርዱን ግልባጭም ፍርዱን ከሰጠው ፍርድ ቤት ይጠይቃል። ግልባጩን በተቀበለ በ30 ቀናት ውስጥ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻውን ያስገባል። በማረሚያ ቤት ያለ ሰው ማመልከቻውን በማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በኩል ያቀርባል፤ የሰጠበት ቀን በጽሑፍ እንዲመዘገብለት ቢጠይቅ ለራሱ ይጠቅመዋል።

ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት ቀበሌዎች ተነሥቶ ደብረ ታቦር ለመድረስ መንገዱ ረጅም ነው። ቤተሰብ ገንዘብ እስኪያሰባስብ፣ አዝመራ እስኪሰበሰብ፣ ሽማግሌ እስኪመክር ቀኑ ያልፋል። ቀኑ ያለፈበት ሰው በአንቀጽ 191 መሠረት የማስፈቀጃ ማመልከቻ ሊያቀርብ ይችላል፤ የዘገየው ግን በራሱ ጥፋት አለመሆኑን ማሳመን አለበት። የሆስፒታል ወረቀት ወይም ግልባጩ መዘግየቱን የሚያሳይ ደብዳቤ ሊረዳው ይችላል። "አላወቅሁም ነበር" ማለት ብቻውን ደካማ ምክንያት ነው።

ይግባኝ ማቅረብ ብቻውን የተፈረደውን እስራት እንደማያስቆም፣ በአንድ መዝገብ የተፈረደባቸው ሰዎች ካሉ ደግሞ የአንዱ ይግባኝ ያልጠየቁትንም ሊጠቅም እንደሚችል መታወቅ አለበት። የኋለኛውን አንቀጽ 196 ይፈቅዳል።

ማመልከቻው ምን ይላል?

የይግባኝ ማመልከቻ አጭርና የተለየ መሆን አለበት፤ ቅሬታው የተመሠረተባቸውን ምክንያቶች እና የሚጠየቀውን ዳኝነት ይይዛል። "ዐቃቤ ሕጉ በድሎኛል፣ ፍርድ ይታይልኝ" የሚል ጽሑፍ ዳኞችን ወደ የትም አይመራም።

ለምሳሌ በስርቆት የተፈረደበት አንድ የፋርጣ አርሶ አደር አለ እንበል። ማመልከቻው እንዲህ ቢል ይሻላል፦ "ምስክሮች በተሰሙበት ዕለት ሁለተኛው የዐቃቤ ሕግ ምስክር፣ በሬውን የነዳው ሰው ማን እንደ ነበር ሲጠየቅ፣ በመጀመሪያ 'ጨለማ ስለ ነበር አልለየሁም' ብሏል። ዐቃቤ ሕግ ስሜን ጠርቶ 'እርሱ አልነበረም ወይ?' ብሎ ጠይቆታል። ተቃውሜያለሁ፤ ተቃውሞዬ ታልፏል። ምስክሩም 'አዎ' ብሏል። እኔን ከድርጊቱ ጋር የሚያገናኝ ሌላ ማስረጃ የለም። ፍርዱ በዚህ ቃል ላይ ብቻ የቆመ ስለሆነ ተሽሮ በነፃ እንድሰናበት እጠይቃለሁ።"

ይህ ጽሑፍ ስድብ የለበትም። የሆነውን፣ በመዝገብ የሚገኝበትን ቦታ፣ የተጣሰውን ሥርዓት፣ በፍርዱ ላይ ያስከተለውን ውጤት እና የሚጠየቀውን ዳኝነት በተራ ያስቀምጣል።

ጥፋቱ ፍርዱን ነክቶታል ወይ?

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። ዐቃቤ ሕግ ሥርዓት ማጓደሉ ቢረጋገጥም "ያ ነገር ባይኖር ኖሮ ፍርዱ ይቆም ነበር?" የሚል ጥያቄ ይከተላል። አምስት የዓይን ምስክሮች በቀረቡበት መዝገብ አንድ መሪ ጥያቄ ምንም ላይለውጥ ይችላል። አንድ ምስክር ብቻ ባለበት መዝገብ ግን ያው ጥያቄ የፍርዱ ምሰሶ ሊሆን ይችላል።

የሌላ ሀገር ልምድም ይህንኑ ያሳያል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 ብሬዲ በተባለ ሰው ጉዳይ፣ ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹ የጠየቀውን ጠቃሚ ማስረጃ መደበቁ የፍትሕ ሥርዓትን የሚጥስ መሆኑን ወሰነ። የተደበቀው ግብረ አበሩ ግድያውን የፈጸመው እርሱ ራሱ መሆኑን ያመነበት ቃል ነበር። ሆኖም ቃሉ የብሬዲን ጥፋተኝነት ስለማያስቀር ዳግም እንዲታይ የተፈቀደው የቅጣቱ ጉዳይ ብቻ ነበር። በአንጻሩ የአላስካው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ቴድ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ2008 ጥፋተኛ ከተባሉ በኋላ፣ ዐቃብያነ ሕግ የሚጠቅማቸውን ማስረጃ አለመስጠታቸው ታወቀ። በቀጣዩ ዓመት መንግሥት ራሱ ጠይቆ ፍርዱ ተሰረዘ። በሁለቱም ጉዳይ የተደበቀ ማስረጃ ነበር፤ ልዩነቱ ማስረጃው ፍርዱን የሚነካበት መጠን ነው።

በእኛም ሕግ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በቂ ምክንያት ካላገኘ ይግባኙን ይሰርዛል። ምክንያት ካገኘ ጥፋተኝነቱንና ቅጣቱን ሊሽር፣ ወይም ጥፋተኝነቱን አጽንቶ ቅጣቱን ሊያሻሽል ይችላል።

ይግባኝ ወይስ ይቅርታ?

ሁለት የስዊድን ጋዜጠኞች በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሽብርን በመርዳትና በሕገ ወጥ መንገድ ወደ ሀገር በመግባት ጥፋተኛ ተብለው 11 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በችሎቱ የቀረበው ተንቀሳቃሽ ምስል ተቀነባብሯል ብለው ተከራክረው ነበር። ይሁን እንጂ ይግባኝ ከማለት ይልቅ ይቅርታ መጠየቅን መረጡ፤ በዓመቱ መጨረሻ፣ በጳጉሜን ወር፣ ተፈቱ። ከሀገር የወጣ ያልተቆረጠ ቀረጻ ምስሉ እንዴት እንደ ተዘጋጀ በኋላ አሳየ። ነገር ግን ይግባኝ ስላልነበረ ያ ጥያቄ በይግባኝ ዳኞች ፊት አልቀረበም።

ይቅርታ ቅጣትን ያስቀራል እንጂ የጥፋተኝነቱን ፍርድ አይሽርም። ከእስር ፈጥኖ ለመውጣት የሚፈልግ ሰው ሊመርጠው ይችላል፤ ስሙ እንዲጠራለት የሚፈልግ ሰው ግን መንገዱ ይግባኝ ነው።

ከየት ወደ የት?

በፎገራ፣ በደራ፣ በእብናት፣ በላይ ጋይንት ወይም በሌላ የወረዳ ፍርድ ቤት የተፈረደ ጉዳይ በይግባኝ የሚታየው ደብረ ታቦር በሚያስችለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ራሱ በመጀመሪያ ደረጃ የፈረደው ጉዳይ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው የሰበር ችሎት ነው። ሰበር የሚመለከተው በመጨረሻ ፍርድ ላይ የተፈጸመን መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ብቻ ነው፤ ምስክሩን ማመን ይገባ ነበር ወይስ አይገባም የሚለውን አይመዝንም። ተገዶ በተሰጠ ቃል ላይ የቆመ ፍርድ ግን የሕግ ጥያቄ ስለሚያስነሣ ለሰበር ሊበቃ ይችላል።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ተከሳሽ፣ በዚህ ምክንያት ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት የመጠየቅ ሕገ መንግሥታዊ መብት አለው። ጥያቄውን ለችሎቱ ማቅረብ ይችላል።

ዐቃቤ ሕጉ በሥነ ምግባር እንዲጠየቅ ለፍትሕ ተቋሙ ኃላፊዎች አቤት ማለትም ይቻላል። ነገር ግን ሁለቱ መንገዶች የተለያዩ ናቸው። የዲሲፕሊን አቤቱታ ዐቃቤ ሕጉን ሊያስቀጣ ይችላል እንጂ ፍርድ አይሽርም፤ የይግባኙን ቀንም አያስቆምም። ምላሹን እየጠበቀ 15 ቀኑን ያሳለፈ ሰው አቤቱታው እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ የታሰረውን ወገኑን በዚያ ውሳኔ ሊያስፈታ አይችልም።

ስለሆነም ፍርድ በተሰጠበት ዕለት ቤተሰብ ሊያስቀድማቸው የሚገቡ ሥራዎች ሦስት ናቸው፦ የፍርዱን ቀን መጻፍ፣ ይግባኝ መጠየቁን ማስታወቅ፣ ግልባጭ መጠየቅ። የዐቃቤ ሕጉን ጥፋት በዝርዝር ለማስረዳት ከዚያ በኋላ ጊዜ ይኖራል።